ያልሰማ ሰው እያለ ነገር አያልቅም

ጋሼ ማርቆስ ላሊሞ የተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን የሚያነበው ልጅ «በመንግሥት መሥሪያ ቤት በነገረ ፈጅነት በቅንነት ሲያገለግሉ ቆይተው በጡረታ ተገለሉ» ሲል ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የምን ጡረታ? ማን ነው ጡረታ ያወጣቸው? እኔ ዘይነባ በዚያ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ሲወጡ አይቻለሁ። ኮታቸው ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፣ ለሚስታቸው ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ጡረታ የሚወጣ ሰው ኮቱን ለብሶ ነው የሚወጣው።

በልጁ አልፈርድም። የሰጡትን ነው ያነበበው። የጻፈው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የአበባ ጉንጉን ልኮ፣ ሰዎቹን ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ በሁለት መስመር ጨረሳቸው። በሕይወት ሳሉ አፋቸውን ዘጉባቸው፣ ሲሞቱ ደግሞ ታሪካቸውን። ይኼ ነገር ሆዴን አቃጥሎኛልና እኔ የማውቀውን ልናገር።

የማወራው በደርግ ጊዜ ስለነበረችው አዋሳ ነው። መሥሪያ ቤታችን የከብት መድኃኒት ከውጭ አስገብቶ ለክፍለ ሀገሩ ገበሬ የሚያከፋፍል ነበር። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው ውስጥ ሱቅ ነበራቸው፣ የሲዳማን ቋንቋም እዚያው ከባንኮኒው ኋላ ጨው ስመዝን ነው የለመድኩት። ይኼን የምናገረው ለጉራ አይደለም፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጋሼ ማርቆስ አጠር፣ ሞላ ያሉ፣ ሰላምታቸው የማያልቅ ሰው ነበሩ። ከታቦር ሰፈር ቢሯቸው ድረስ ያገኙትን ሁሉ እየጨበጡ ስለሚመጡ አንድ ቀን በሰዓቱ ገብተው አያውቁም። የተወለዱት ከቱላ ወዲያ ባለ የሲዳማ መንደር ነው። ሕግ የተማሩት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ «ዳኝነት የተማርኩት ግን አባቴ ሶንጎ ከሚቀመጥበት ዛፍ ሥር ነው» ይሉ ነበር። ሶንጎ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። እዚያ ነገር የሚከፈተው «አፊኒ?» ተብሎ ነው፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ተናጋሪው ይህን ካልጠየቀ፣ የተቀመጠውም ሰው እንስማ ብሎ ካልፈቀደ ንግግር የለም። ነገሩ የሚነካው ሰው ሁሉ ሳይሰማም ፍርድ የለም።

ታዲያ ይህን አመላቸውን ቢሮ ይዘውት ገቡ። አንዲት ተራ ደብዳቤ ሊያስጽፉኝ መጥተው ጮክ ብለው ያነቡና «ሰማሽ?» ይሉኛል።

«ሰማሁ ጋሼ።»

«ምን ሰማሽ?»

ጉድ ነው እኮ! ፈተና የተቀመጥኩ እስኪመስለኝ ያበሽቁኝ ነበር። ስህተት ካገኙ ደግሞ ምስጋና የለ፣ ማባበል የለ፣ እንደገና ጻፊ ነው። ግን መልሼ ስነግራቸው እሳቸው ራሳቸው የጻፉት ውስጥ ያልታያቸውን ቀዳዳ ያገኙና ሄደው ያርሙት ነበር። «ያልሰማ ሰው እያለ ነገር አያልቅም፣ ያለቀ ይመስላል እንጂ» የዘወትር ቃላቸው ነበረች።

አንድ ጊዜ ሁለቱ ዘበኞቻችን በአንድ ካፖርት ተጣሉ። ካፖርቷ አንዲት ናት፤ በተራ ይለብሷታል፤ አንደኛው ዝናብ አስመትቶ ሰጠኝ ብሎ ሌላኛው ጥርሱን ሊያወልቀው ደረሰ። ሌላ አለቃ ቢሆን ሁለቱንም ቀጥቶ ያበቃል። ጋሼ ማርቆስ ግን ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሮ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ሰብስበው «ሰማችሁ?» ብለው ጀመሩ። ሥራ ቆመ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ከተናገረ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ጥፋቱ የዘበኞቹ አይደለም። ለሁለት ሰው አንድ ካፖርት ይበቃል ያለው ሰው ነው።» ይህን ያለው ሰው በመስኮት እያየ ነበር። ጓድ ደምሴ ይባላል፤ ከላይ የተላከብን ካድሬ ነው፤ ከሥራ አስኪያጁ በላይ የሚፈራው እሱ ነበር። ሁለተኛ ካፖርት ተገዛ። ጓድ ደምሴም ያቺን ቀን አልረሳትም።

ከዚያ ነው የከብቱ ነገር የመጣው።

የአባ ሰንጋ ክትባት ከውጭ ተገዝቶ ገባ። ክትባቱ የሚሠራው የበሽታውን ጀርም አድክሞ ነው፤ የደከመው ጀርም ከብቱን ሳይገድል ያለማምደዋል። በቱላ ዙሪያ የከተበው ጦና የሚባል የከብት ሐኪም ረዳት ነበር። የወላይታ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ገበሬው «ዶክተር» እያለ የሚጠራው። ጦና በከተበ በጥቂት ቀን ውስጥ ከብቱ መውደቅ ጀመረ። ጊደር የለ፣ በሬ የለ፣ የምትታለብ ላም የለ። ገበሬ በሬው ሲሞት ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ጦና ራሱ ሲያለቅስ ያዩት አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ጦናን አሰሩት። «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተባለ። መድኃኒቱን ሆን ብሎ ፀሐይ ላይ አውሎ አበላሸው፣ ገበሬውን ከአብዮቱ ሊያጣላ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ይህ ቃል አንገት ላይ እንደገባ ገመድ ነው። «አብዮታዊ እርምጃ» የሚባለው ከዚህ ቃል አጠገብ ነበር የሚኖረው።

በዚሁ ጊዜ መንግሥት መድኃኒቱን የሸጠውን ኩባንያ ከሰሰ። ውሉ ግን እኛ አገር ፍርድ ቤት አይልም። ክርክር ቢነሳ በሌላ በሦስተኛ አገር፣ በግልግል ዳኞች ፊት ይታይ ይላል። ጋሼ ማርቆስ የመንግሥት ወገን ሆነው እንዲከራከሩ ተላኩ። ወሩ የብርድ ወር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለጉዞ ልብስ የሚሰጠው የለውም። ዘበኞቹ ያችን አሮጌ ካፖርት ቦርሸው አዋሷቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት ጠበቃ በዘበኛ ካፖርት አውሮፓ ገቡ።

ሲመለሱ ያወሩኝን አልረሳውም። እንደ ልጅ ዓይናቸው በርቶ ነበር።

«ዘይነባ፣ ሽማግሌዎች ናቸው እኮ!» አሉኝ። «አንዱን እኛ መረጥን፣ አንዱን ኩባንያው መረጠ፣ ሁለቱ ተስማምተው ሦስተኛውን መረጡ። ይኼ ከአባቴ ሶንጎ በምን ይለያል? ከድሃ አገር መጣህ ብሎ ያቋረጠኝ የለም። እስክጨርስ ሰሙኝ።»

«ምን አሉ ታዲያ የኩባንያው ሰዎች?»

«ምን ይላሉ? መድኃኒቱ ጤነኛ ነበር፣ የእናንተ ከታቢ ነው ያበላሸው አሉ። እኔም በመንግሥቴ ስም ቆሜ መለስኩ። ከታቢያችን ጥፋት የለበትም አልኩ። ከዚያው ምርት አዲስ አበባ የቀረ አለ፤ አዋሳን አልረገጠም፣ ጦና በዓይኑም አላየው። እሱን መርምሩ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ከሁለታችንም ያልሆነ ባለሙያ አዘዙ። መረመረው። ጀርሙ አልደከመም! ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ገዳይ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ! ጦና ተፈታ ማለት ነው» አልኳቸው።

«አልተፈታም» አሉኝ። ዳኞቹ ሊፈርዱ ሲሉ ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጣላቸው፤ ታረቁ የሚል። ኩባንያው የአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ንብረት ነው፤ ወንድም አገር በአደባባይ አይፈረድበትም። ኩባንያው ምትክ መድኃኒት ይልካል፣ ማንም ጥፋተኛ አልተባለም፣ ሁለቱም ወገን ስለ ጉዳዩ ለማንም አይናገርም። ተፈራረሙ። ነገሩ አለቀ ተባለ።

«ምትኩ ጥሩ ነው፣ አልጠላሁትም» አሉ ጋሼ ማርቆስ። «ግን ከብቱ የሞተበት ሰው መቼ ሰማ? ጦና መቼ ሰማ?»

እዚህ ላይ ነው ዛሬም ደሜ የሚፈላው። ያ መንግሥት ባሕር ማዶ ቆሞ፣ ባለሙያ አስመርምሮ፣ «ከታቢዬ ንጹሕ ነው» ብሎ ተከራክሮ ምትክ ተቀበለ። አገሩ ሲገባ ያንኑ ከታቢ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብሎ እንዳሰረው ያዘ። አንድ መንግሥት፣ ሁለት ምላስ! ከብቱን የገደለ ሰው ለገበሬው መታየት አለበት፣ ኩባንያው አይነካም፣ ስለዚህ ጦና ይሁን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

የጦና ሚስት በየቀኑ ለባሏ ምሳ አድርሳ ስትመለስ በኛ በር ታልፍ ነበር። ባዶውን ሳህን እንደያዘች ትቆምና ጋሼ ማርቆስን ታያቸዋለች። አንድ ቀን ድፍረት አግኝታ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ያውቃሉ። ባሌ ምን አጥፍቶ ነው?»

ጋሼ ማርቆስ ወረቀት ላይ የፈረሙት ቃል አለ። «ነገ ነይ ልጄ» ብቻ አሏት። እሷ ከሄደች በኋላ ጠረጴዛቸውን በቡጢ ሲመቱት ሰማሁ። እኚያ ለዘበኛ ካፖርት ግማሽ ቀን የሚያወሩ ሰው ለአንዲት ሴት ጥያቄ «ነገ» አሉ።

ጓድ ደምሴ ቱላ ላይ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ጠራ። ጦና ታስሮ ይቀርባል፣ ገበሬው አሻጥሩን ያወግዛል፣ እርምጃ ይወሰድልን ብሎ እጅ ያወጣል። እጁ ከወጣ ጦና አለቀለት። ገበሬው አማርኛ በደንብ ስለማይሰማ ሕጉን በሲዳማ ቋንቋ እንዲያስረዱ ጋሼ ማርቆስ ታዘዙ። ጓድ ደምሴ አንድም ቃል ሲዳምኛ አያውቅም፤ ሁለት ዓመት አዋሳ ተቀምጦ ለመማርም አላሰበ። እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ከኋላ መኪና ላይ ተጫንኩ። መንገዱን በሙሉ ጋሼ ማርቆስ የጆሯቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲያሹ ነበር፤ ሲያስቡ ያደርጉታል።

ሰው ከትልቁ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ጦና እጁ ታስሮ ከፊት መሬት ላይ ተቀምጧል። ጓድ ደምሴ ተነስቶ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተናገረ፣ መፈክር አስጮኸ፣ ገበሬውም በታዘዘበት አጨበጨበ። ጭብጨባው የሰለቸው ጭብጨባ ነበር። ከዚያ «አሁን ጓድ ማርቆስ በቋንቋችሁ ሕጉን ያስረዷችኋል» አለ።

ጋሼ ማርቆስ ጓድ ደምሴ ከቆመበት ቦታ አልቆሙም። ገበሬው መሀል ገቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዙሪያውን አዩ።

«አፊኒ?» አሉ።

ሲያስጨበጭቡት የዋለ ሰው ቀጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከኋላ የቆሙት ቀረቡ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ እንስማ አሉ። ጓድ ደምሴ ደስ ብሎት ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ሕዝቡ ለሕጉ ጆሮ የሰጠ መስሎታል።

ጋሼ ማርቆስ ሁሉንም ተናገሩ። ባሕር ማዶ ሽማግሌዎች እንደተቀመጡ፣ እሳቸው በመንግሥት ስም ምን እንዳሉ፣ ባለሙያው ምን እንዳገኘ፣ እርቁ እንዴት እንደሆነ። «እናንተ ፊት የታሰረው ሰው ንጹሕ ነው ብሎ የተከራከረው መንግሥት ነው፤ አፉ ሆኜ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። ከብቱ የእናንተ ነውና ሳትሰሙ አይቅር» አሉ። ጦና ቋንቋውን ይሰማል። እንደታሰረ ጉልበቱ ላይ አቀርቅሮ ሲያለቅስ አየሁት።

ጓድ ደምሴ ወደኔ ጠጋ ብሎ «ምን እያለ ነው?» አለኝ።

«እያስረዱ ነው ጓድ» አልኩት። አልዋሸሁም።

«በርታ በለው» አለኝ።

ጋሼ ማርቆስ ሲጨርሱ ጓድ ደምሴ ተነስቶ «በዚህ አሻጥረኛ ላይ እርምጃ እንዲወሰድ የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ!» ብሎ ጮኸ። አንድ እጅ አልወጣም። ደገመው። አንድ እጅ አልወጣም። ጥንድ በሬያቸው ያለቀባቸው አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱና፣ እሱ እንዲገባው ብለው በማይመቻቸው አማርኛ ተናገሩ።

«እኛ ሰማን። ጦና ሰማ። ሩቅ አገር ያለው ሽማግሌ ሰማ። መንግሥት ሰማ። ጓድ፣ አንተ ብቻ አልሰማህም?»

ጓድ ደምሴ ዞሮ ጋሼ ማርቆስን ሲያይ ነው የገባው። ጋሼ ማርቆስ ባርኔጣቸውን አድርገው ብቻቸውን ወደ መኪናው ሄዱ። ሊሸሹ ይችሉ ነበር እኮ! አገሩ አገራቸው ነው፣ መንደሩ መንደራቸው ነው፣ የሚደብቃቸው አያጡም። በማግስቱ ግን እንደወትሯቸው ያገኙትን ሁሉ እየጨበጡ፣ አርፍደው፣ ቢሮ ገቡ። ኮታቸውን ሰቀሉ። ለጦና ሚስት ነገ ነይ ብያት ነበር ብለው አስጠሯት፣ በር ላይ ቆመው የባሏን ጥፋት ነገሯት። «ምንም» አሏት። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ መጡ። የመንግሥት ምስጢር አውጥተዋል ተባለ።

የቱላ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን አልተዉትም። መጥተው ከመሥሪያ ቤታችን አጥር ሥር ተቀመጡ። አይጮሁም፣ አይለምኑም፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ «አፊኒ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የጠየቃቸውን ሁሉ ያስረዱታል። ብዙም ሳይቆይ አዋሳ በሙሉ ሰማ። ሁሉም ያወቀውን ምስጢር ደብቆ ሰው ላይ መፍረድ አልተመቻቸውም መሰለኝ ጦናን ድምፃቸውን አጥፍተው ለቀቁት። ጋሼ ማርቆስን ግን አልለቀቋቸውም። ሽማግሌዎቹ ስለሳቸውም ጠየቁ፣ ስለሳቸውም ተቀመጡ፤ ኋላ በመኪና ጭነው ወደየቀያቸው በተኗቸው።

ለዓመታት ታሰሩ። ሲወጡ ጥርሳቸው ረግፎ፣ አንድ ጆሯቸው ደንቁሮ ነበር። ሁሉ እንዲሰማ የታገሉት ሰው ጆሮ! ወደ ሥራ የመለሳቸው የለም። ደርግ ወደቀ፣ ሌሎች መጡ፣ እነሱም ፋይልዎ አልተገኘም አሏቸው። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ የማማርረው እኔ ነበርኩ። ታቦር ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተጣላ ሲያስታርቁ ኖሩ። ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ተናጋሪው አዙረው «ጮክ በል፣ እኔም ልስማ» ይሉ ነበር።

እንግዲህ ይኼ ነው «በጡረታ ተገለሉ» የተባለው።

ልጁ ንባቡን ጨርሶ ወረቀቱን ሲያጥፍ፣ እኔም ከንፈሬን ነክሼ እንደተቀመጥኩ፣ ከወንዶቹ በኩል አንድ ረጅም ሽማግሌ በዱላ ተደግፎ ተነሳ። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል። ጦና ነው። መዘምራኑ ሊጀምሩ ሲሉ እጁን አነሳ፣ ቆሙ። ዙሪያውን አየ።

«አፊኒ?» አለ።

ከቱላ የመጡት ሽማግሌዎች ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና እንስማ አሉ። ጦና ንግግር አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ዝምተኛ ነው። ወደ ሬሳ ሳጥኑ ጠቆመ።

«እኚህ ሰው ጡረታ አልወጡም። እኔ እንድወጣ በእኔ ቦታ ገቡ» አለ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ወደተቀመጡበት ወደ ፊት ወንበር ዞረና ጥያቄውን በአማርኛ ደገመው። «ሰማችሁ?»

አንገታቸውን ደፉ። ጦና አልተቀመጠም። እስኪመልሱለት ድረስ ዱላውን ይዞ ቆሞ ጠበቃቸው።